የሚመለከተው አካል ማነው? የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጎንደር ሲታይ

ጎንደር ላይ ወንዝ ሸተተ፣ ቆሻሻ ተከመረ፣ ጭስ በዛ ሲባል ሁላችንም የምንላት ነገር አለች፦ «የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይስጠን»። ግን የሚመለከተው አካል ማነው? ቀበሌው ነው? ማዘጋጃ ቤቱ? ባሕር ዳር ያለው ክልል? ወይስ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት? ይህን ካላወቅን አቤቱታችን ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ክረምት ይገባል። ጎርፉ ማስረጃውን ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ጉዳዩም በዚያው ይረሳል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ብዙ ሰው እስካሁን «የአካባቢ ሚኒስቴር» ይላል። ዛሬ እንዲህ የሚባል ሚኒስቴር የለም። ያለው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። መሥሪያ ቤቱ በ1987 ዓ.ም. ባለሥልጣን ሆኖ ተቋቋመ። በ1995 በአዲስ አዋጅ እንደገና ተደራጀ። በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፤ ደንንም ያዘ። በ2008 የአየር ንብረት ለውጥ ስሙ ላይ ተጨመረለት። በ2011 ኮሚሽን ተባለ። በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። ደኑ ተነጥሎ ለኢትዮጵያ ደን ልማት ተሰጠ። የአየር ንብረት ለውጡን የማስተባበር ሥራም ወደ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሄደ።

ይህ የታርጋ ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምኩበት። ሚኒስትር የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባል ነው። መንገድ፣ ማዕድን ወይም ኢንዱስትሪ ሲወሰን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «ቆይ፣ ይህ ወንዝ ዳር ነው» ማለት ይችላል። የባለሥልጣን ኃላፊ ግን በሌላ ሰው በኩል ነው ድምፁን የሚያሰማው። በሌላ በኩል፣ ሚኒስቴር የመንግሥትን ልማት አብሮ የሚያቅድ ነው፤ ተቆጣጣሪ ደግሞ ትንሽ ራቅ ማለት አለበት የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ የማምነው ግን መዋቅሩ በየጥቂት ዓመቱ ሲናጥ ልምድ እንደሚባክን ነው። አንድ ተቆጣጣሪ አንድን ፋብሪካ በደንብ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ቢሮው በፈረሰና በተሠራ ቁጥር ያ እውቀት አብሮ ይበተናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የማይሠራውን ማወቅ ነገሩን ያቀላል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ገበያን አይጠርግም፤ ያ የከተማው ሥራ ነው። ችግኝ አይተክልም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክንም አያስተዳድርም፤ ለእሱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። የሱ ዋና ሥራ የአካባቢ ፖሊሲና ሕግ ማመንጨት፣ ልክ ማውጣት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ይሁን» ወይም «አይሁን» ማለት፣ ከተጀመረም በኋላ መቆጣጠር፣ እንዲሁም አገሪቱ የፈረመቻቸው የአካባቢ ስምምነቶች እዚህ እንዲፈጸሙ መከታተል ነው።

ይህ ሁሉ የሚነሳው ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ብሎም ይጨምራል። የሥራ ክፍፍሉም እዚያው አለ። የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው። በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ የምናየው አብዛኛው ጉዳይ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከተማውና ወደ ክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ለአንድ ጋራዥ ወይም ለአንድ መኪና ማጠቢያ ተብሎ አዲስ አበባ አይወጣም።

ልክ ማውጣት የሚባለው ሥራ ሲታይ ደረቅ ይመስላል። ግን እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ባዶ ነው። ድምፅን እንውሰድ። እዚህ ጎንደር ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ያለው ሰው ከጎኑ ጭፈራ ቤት ተከፈተበት እንበል። እሱ «ልጆቼ አልተኙም» ይላል። ባለቤቱ «ሙዚቃው ያን ያህል አይደለም» ይላል። በዚህ መልኩ ሲጨቃጨቁ ዓመት ይሞላል። ልኩ ግን ተጽፏል፦ በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55 ዴሲቤል፣ ማታ ከ45 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ድምፃቸው ወደ 60 ዴሲቤል ይጠጋል። ስለዚህ 45 ምን ያህል ዝቅ ያለ እንደሆነ መገመት ይቻላል። መለኪያው ሲመጣ ክርክሩ ያበቃል። ለፋብሪካ ፍሳሽም፣ ለጭስም እንዲሁ ልክ አለ። ልክ ከሌለ የተቆጣጣሪው አፍንጫ ከባለ ፋብሪካው አፍንጫ ጋር ነው የሚከራከረው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው ያመጣው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሊያበላሽ የሚችል ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያበላሽ ይጠና፣ እንዴት እንደሚቀነስም ይጻፍ፣ ፈቃድ ይጠየቅበት። እኛ አገር ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሆነው ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፋብሪካው ከቆመ፣ ማሽኑ ከተተከለ፣ ሠራተኛው ከተቀጠረ በኋላ ነው ሰው የሚጮኸው። ያኔ ማን ደፍሮ ይዘጋዋል? ሕጉ ይህን አስቀድሞ ለመከላከል ነው የወጣው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ባለሀብት መገጭ ወንዝ አጠገብ ቆዳ ፋብሪካ ልክፈት አለ እንበል። ቆዳ ሲለፋ ኖራ፣ ጨውና ክሮም የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። ፍሳሹ በደንብ ሳይጣራ ከወጣ መገጭን ይዞ ጣና ይገባል። ስለዚህ ሰውየው ግምገማውን በራሱ ወጪ በባለሙያ ያስጠናል። ጥናቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚስብ፣ ምን እንደሚለቅ፣ ማጣሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የት እንደሚያጠጣ ማሳየት አለበት። ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፣ አስተያየትም ይሰበሰባል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን ይወስናል፦ ይፈቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቀድ፣ ወይም አይፈቀድ። የኢንቨስትመንትና የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮም ይህ ወረቀት ሳይያዝ ፈቃድ መስጠት አይችልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈቃዱን ማግኘት ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣም። «እኔ እኮ ተፈቅዶልኛል» ብሎ ማበላሸት የለም። አዋጁ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ጉዳት ከደረሰ የፕሮጀክቱ ባለቤት ይጠየቃል።

ጥናቱን የሚመለከተው ማነው? ፕሮጀክቱ ፈቃድ ያገኘው ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ወይም ተጽዕኖው ከአንድ ክልል የሚሻገር ከሆነ የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። ሌላውን ክልሉ ያያል። ቆዳ ፋብሪካችን የክልል ፈቃድ ይዞ ከሆነ መጀመሪያ ባሕር ዳር ነው የሚታየው። ጣና ግን የዓባይ መነሻ ነው። ከአማራ ክልል ወጥቶ ቤንሻንጉልን፣ ከዚያ ሱዳንን ያገኛል። የብክለቱ መጠን ከፍ ካለ ነገሩ የክልል ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን ደካማ ጎኑን ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ማብራሪያው ጎዶሎ ይሆናል። ጥናቱን የሚሠራው ባለሙያ ገንዘቡን የሚቀበለው ከፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። ደመወዝ ከሚከፍለው ሰው ፊት «ይህ ቦታ አይሆንም» ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። ብዙ አገር ያለ ችግር ነው። መድኃኒቱ ጥናቱን የሚያነበው መሥሪያ ቤት ጠንካራ መሆኑ ነው። ኬሚስቱ፣ የውሃ ባለሙያው፣ መስክ የሚያደርሰው መኪና፣ ናሙና የሚመረምርበት ላቦራቶሪ ሊኖረው ይገባል። ሌላም ነገር ነበር። ከዓመታት በፊት የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ግምገማ የማየት ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ማዕድን የሚያስፋፋው መሥሪያ ቤት የማዕድን ፕሮጀክትን ጉዳት ራሱ ይገመግማል ማለት ነው። ዳኛውም ተከራካሪውም አንድ ሰው ሲሆን ፍርዱ ምን እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው።

ወደ ከተማችን ውሃ ልመለስ። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሁለቱም ጉዞ ወደ ጣና ነው። የጥምቀት ዕለት ወጣቱ እየዘለለ የሚገባበት የአፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በሚጠለፍ ውሃ ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። እንግዲህ ቀሃ ላይኛው ክፍል ላይ የሚጣል ማንኛውም ነገር፣ የሽንት ቤት ፍሳሽም ይሁን የጋራዥ ዘይት፣ ወደዚያ የተባረከ ውሃ መንገድ አለው። ለእኔ የቀሃ ንጽሕና የአንድ ቢሮ ፋይል ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

አንገረብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከተማዋን ለዓመታት ያጠጣው የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡን ያዳከመው በዋናነት ደለል ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት ይታረሳል፣ ዛፉ ይመነጠራል፣ ሐምሌ ላይ አፈሩ ታጥቦ ወርዶ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። በየዓመቱ የውሃው ቦታ በጭቃ ይያዛል። እዚህ ላይ ማንን ትከሳላችሁ? ቧንቧ የለው፣ የፋብሪካ ታርጋ የለው። በብክለት ሕግ የሚያዝ አንድ ጥፋተኛ የለም። መፍትሔው እርከን፣ የተፋሰስ ሥራ፣ ለገበሬው አማራጭ ማገዶና መኖ ነው። ይህ ግብርናን፣ ውሃን፣ ከተማንና አካባቢ ጥበቃን አንድ ላይ ይፈልጋል። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ሥራ ዶማ መያዝ ሳይሆን እነዚህን ሁሉ አስቀምጦ ማስማማት ነው። በግልጽ ለመናገር፣ በጣም የሚከብደው ሥራም ይህ ነው።

እምቦጭም ከዚሁ ወገን ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የጣናን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ፣ ደምቢያንና ጎንደር ዙሪያን ጨምሮ፣ ሲያለብሰው አይተናል። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ማሽንም መጥቷል። ክልሉም ለጣና የሚሆን የራሱ ኤጀንሲ አቋቁሟል። አረሙ የሚፋፋው ግን ከላይ በሚወርድለት ምግብ ነው፤ ማዳበሪያ ከማሳ፣ ፍሳሽ ከከተማ። ጎንደር የምትለቀው ፍሳሽም የዚያ ምግብ አካል ነው። ከታች መንቀል ብቻውን አያዋጣም፤ ከላይ ያለው ካልተያዘ ነገ ተመልሶ ይበቅላል።

ፌስታልን ሳላነሳ አላልፍም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ስትገዙ የሚሰጣችሁን ፌስታል በጣታችሁ ዳሱት። ያ ሕግ ያለውን ውፍረት እንደማያሟላ ለመረዳት መለኪያ አያስፈልግም። በ2017 ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሕጉን ያመነጫል። ገበያ ወርዶ የሚያስፈጽመው ግን የክልልና የከተማ ሰው ነው። በጀቱ፣ ሰውና ሰላም ከሌለ ደግሞ አዋጁ እዚያው ጋዜጣው ላይ ይቀራል። ጸጥታ ሲደፈርስ ተቆጣጣሪ ወንዝ ዳር አይወርድም፤ ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ወደማናውቀው መብት እንምጣ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይባላል። አንቀጽ 11 እንዲህ የሚል መንፈስ አለው፦ ማንኛውም ሰው አካባቢን የጎዳን ወይም ሊጎዳ ያለን ሰው በፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም በክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በግሉ መጎዳቱን ማሳየት አይጠበቅበትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተለመደው የፍርድ ቤት አሠራር «አንተን ምን ነካህ?» ተብለን እንመለሳለን። እዚህ ግን አዘዞ የሚኖር ሰው ስለ ቀሃ መክሰስ ይችላል። ወንዙ የሁላችንም ነውና።

መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት አለበት። ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካን፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም 30 ቀኑ ካለፈበት ዕለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ከ60 ቀን ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል።

መሥሪያ ቤቱም ጥርስ የሌለው አይደለም። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ ግቢ ገብቶ ማየት ይችላል። በካዩ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይደረጋል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ድርጅቱ እስከ መዘጋት ወይም ከቦታው እስከ መነሳት ይደርሳል።

አቤቱታው እንዴት ይጻፋል? ረጅምና በቁጣ የተሞላ ደብዳቤ አይጠቅምም። አጭርና ሊጣራ የሚችል ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጉዳዩ፦ ወደ ወንዝ ስለሚለቀቅ የተቃጠለ ዘይት። በቀበሌያችን ከድልድዩ በላይ ባለው ጋራዥ ጀርባ በወጣ ቱቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ዘይቱ የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ከታች ሰዎች ልብስ ያጥባሉ፣ ከብት ይጠጣል። ቀን የተጻፈባቸው ፎቶዎች አያይዘናል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ተጣርቶ ውሳኔ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ይበቃል። «ከተማው ተበላሸ» ከሚል ገጽ ሙሉ ምሬት ይልቅ የቱቦው ቦታና ሰዓቱ ለተቆጣጣሪው ሥራ ያቀልለታል። ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ብትፈርሙ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይጋለጥም። ሰፈር ውስጥ መካሰስ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለ ጋራዡ የእድር አባላችን ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በሽማግሌ መነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ግን ሕጉ አለ።

ከዚያ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል። ሌላው ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ተጽፎ፣ ማህተም ተመትቶ ወደ እናንተ ይመለሳል። ይህችን ሳትይዙ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጡ። 30 ቀኑ መቼ እንደጀመረ የምታስረዳላችሁ እሷ ናት። «ትናንት ነግሬያቸው ነበር» ማለት ፍርድ ቤት አያስኬድም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ አንድ ማኅበር በአቃቂ ወንዝ ብክለት የተነሳ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ራሱን ከስሶ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ በተቻለ መጠን በካዩን በስም ወይም በቦታ ለይታችሁ ጻፉ። ጉዳዩ ከከተማው አቅም በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ የትልቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ከሆነ፣ ለክልሉ መሥሪያ ቤት ይጻፋል። ፕሮጀክቱ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ከሆነ ወይም ጉዳቱ ክልል የሚሻገር ከሆነ አዲስ አበባ ላለው ባለሥልጣን ይጻፋል፤ ለክልሉም ግልባጭ ይደረጋል። የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁ መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ላለው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ አስገቡና የእኛ አይደለም ካሉ ያንኑ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።